ከሰሌኑ ስር ያለው ሰው

ሬዲዮው አውሎ ነፋሱ ሲመሽ የደሴቲቱ ከተማ አፒያ ይገባል ስላለ ፔኒና ጎህ ሲቀድ ተነስታ የፊት ለፊቱን መስኮት ከፈተች። ሰማዩን ልታይ ነበር። ያየችው ግን ሰሌኑን ነው።

በግቢያቸው መሃል፣ በዳቦ ዛፉና በበሩ መካከል፣ አንድ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ በወግ ሰሌን ተሸፍኖ ተንበርክኳል። የሀብታም ቤት ሰሌን ነው፤ ሴቶች ዓመታት አጎንብሰው የሠሩት፣ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ፣ ጠርዙ ቀይ ላባ የተተከለበት። እንዲህ ያለ ሰሌን ከሳጥኑ የሚወጣው ለሠርግ፣ ለቀብር፣ አለዚያ ደግሞ ለኢፎጋ ነው። ደም ያፈሰሰ ቤተሰብ ይቅርታ ሊለምን ሲመጣ ሰሌን ተከናንቦ በተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ከፊቱ የማገዶ እንጨትና የምድጃ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ከፈለጋችሁ ጥበሱኝ ማለቱ ነው። የቤቱ አለቃ ወጥቶ ሰሌኑን ከገለጠለት ቂሙ ሞተ፣ ነገሩ አለቀ። ካልገለጠለት ድንጋይም ይምጣ ገጀራ፣ የተንበረከከው እጁን አያነሳም።

"ላፋኤሌ" አለች ፔኒና። ስሙን ዳግመኛ ላትጠራ በእናቷ ስም ምላ ነበር። ሳምንት እንኳ አልቆየችም።

ነገሩን ከስሩ ላንሳው። በዚህ ከተማ ጨው የማይበላው ነገር የለም። የባሕሩ ነፋስ ሚስማሩን ይበላል፣ ማጠፊያውን ይበላል፣ ቆርቆሮውን ወንፊት ያደርገዋል። ስለዚህ የዝናቡ ወራት ሲቃረብ ድሃም ሀብታምም መሰላሉን አውጥቶ ጣራው ላይ ይወጣል። ሚስማሩንና ቀለሙን ደግሞ ሁሉም ከአንድ ቦታ ነው የሚገዛው፤ ከፓውሎ መደብር። ፔኒና ለአባቷ ባለቆብ ሚስማር ልትገዛ ስትሄድ ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው የፓውሎ ልጅ ላፋኤሌ ነበር። ሚስማሩን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ቆቡን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይመርጥላታል። ወረፋው ከኋላዋ ይንጫጫል። እሱ ግን ሚስማሩን አያይም ነበር። እሷም ብትሆን እያየ አለመሆኑን ታውቃለች፤ ለዚህም ነው አባቷ በቃን እስኪል ድረስ የቤቱን ሚስማር ሁሉ ዛገ እያለች የምትመላለሰው።

ወሬው ፓውሎ ጆሮ ገባ። ፓውሎ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አፉን ሞልቶ ተናገረ። "የእኔ ልጅ ሚስት ከዝገት ስር ቆፍሮ አያወጣም" አለ። በማግስቱ የፔኒና ወንድም ሴሚሲ መደብሩ ገብቶ የፓውሎን ኮሌታ ያዘ። ሽማግሌውን ከቆርቆሮው ክምር ጋር ሲያላትመው ላፋኤሌ ካጠገቡ ያገኘውን የሞራሌ እንጨት አንስቶ ሰነዘረ። አንድ ጊዜ ብቻ። የሴሚሲ መንጋጋ ለሁለት ተሰበረ።

አሁን ሴሚሲ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ጓዳ ተኝቷል። ላፋኤሌ በሰው እጅ የላከላትን ደብዳቤ ፔኒና ሳታነብ ከድስቱ ስር ማገደችው። ከዚያ ጭሱ ነው እያለች ስታለቅስ ዋለች።

"ማን ነው?" አባቷ ታፉና ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ወደብ ላይ ዕቃ ሲሸከም የኖረ፣ በሩን የሚሞላ ሰው ነው። የቤተ ዘመዱ አለቃም እሱ ነው፤ የእሱ ቃል ከወጣ አይመለስም።

"እኔ እንጃ አባዬ።"

"ታውቂያለሽ እንጂ።" ታፉና በመስኮቱ ላይ አጎንብሶ ምራቁን ተፋ። "አየሽ? ወጉ የቤቱ አለቃ ራሱ ይንበርከክ ነው የሚለው። ሰውዬው ግን ጉልበቱን ጭቃ እንዳይነካበት ልጁን ላከው።"

ይህን የተጠራጠረ ማንም አልነበረም። አፒያ ውስጥ ፓውሎን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያንኑ ነበር የሚለው። ፓውሎ ለጳጳስ እንኳ ከወንበሩ ብድግ የማይል ሰው ነው።

"ሁላችሁም ስሙ!" አለ ታፉና ወደ ቤቱ ዞሮ። "ማንም ወደዚያ አይሄድም። ውሃ የሚሰጠው እንዳላይ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት እንዳላይ። እኛ ቤታችንን እናጠብቃለን፤ በእሱ ላይ ነፋሱ ይፍረድ።"

ፔኒና ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ወንድሟን የሰበረ ሰው ነው። ግን እጇ መስኮቱን ለመዝጋት እምቢ አላት።

ሲነጋ መዶሻው ጀመረ። ታፉና ጣራው ላይ ወጥቶ የላላውን ቆርቆሮ ይቸነክራል። የወንድሙ ልጅ ቶማ ገመድ በጣራው ላይ እየወረወረ ከሁለቱም በኩል ከተቀበረ ግንድ ጋር ያስራል። እናቷ ማታሌና አሸዋ በጆንያ ትሞላለች። ፔኒና መሰላሉ ስር ቆማ ሚስማር ታቀብላለች፣ መስኮቶቹ ላይ የሚመታውን ኮምፖርሳቶ ደግፋ ትይዛለች። ባሕሩ ከሩቅ ያጓራል። ሰማዩ የጠቆረ ብረት ድስት ቂጥ መስሏል።

ሰሌኑ አልተነቃነቀም። እያንዳንዱ የመዶሻ ምት ሲያርፍ ግን ፔኒና ከሰሌኑ ስር ያለውን ጀርባ እንጂ ሚስማሩን የሚመቱት አልመስል ብሏታል።

"ልጄ፣ ሚስማር!" አባቷ ከላይ ጮኸ። "ዓይንሽ የት ነው?"

"እዚሁ ነው አባዬ።"

"እዚሁ እንዲሆን። አለዚያ እኔ እመልሰዋለሁ።"

ቶማ ገመዱን አስሮ ሲጨርስ እጁ ሥራ ፈታ። የቶማ እጅ ሥራ ሲፈታ ደግሞ አገር ያውቀዋል። ወደ ሰሌኑ ሄዶ ዙሪያውን ተንጎራደደ፤ ከዚያ የተንበረከከው ሰው ራሱ ካመጣው የምድጃ ድንጋይ አንዱን አነሳ።

"ኧረ ባለመደብሩ! ዛሬ ሞራሌ የለም እንዴ?" አለ። "ሴሚሲ ላይ እጅህ እንደዛ ፈጣን አልነበረም?"

ድንጋዩ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ሰሌኑ ደለቅ አለ። ከስሩ አንዲት ድምፅ አልወጣችም።

"ቶማ፣ ተው!" አለች ማታሌና ጆንያዋን ጥላ። "ሰሌን የለበሰ ሰው ላይ እጅ አይነሳም። ነውር ነው።"

"ነውሩን እነሱ ናቸው የጀመሩት አክስቴ። ደግሞ እኔ ምን አልኩ? የራሱን ድንጋይ እየመለስኩለት ነው።"

ሁለተኛው ድንጋይ ጎኑን መታው፣ ሦስተኛው ጀርባውን። ታፉና ከጣራው ላይ ሆኖ ያያል፤ በለው አላለም፣ ተውም አላለም። ጓዳው መስኮት ላይ ደግሞ ሴሚሲ ፊቱ አብጦ፣ አፉ ተቆልፎ ቆሟል። ፔኒና በእጇ የጨበጠችው ሚስማር መዳፏን ሲወጋት አልታወቃትም። ደሟን ያየችው ቀሚሷ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ በአግድም መምጣት ጀመረ። ጎረቤቶች በራቸውን ዘጉ። ታፉና ከጣራው ወረደና ቶማን ይዞ በጓሮ በኩል የውሃ በርሜሎቹን ሊያስር ሄደ። ያኔ የማድ ቤቱ ባልዲ በነፋስ ተንከባሎ ግቢው መሃል ደረሰ። ፔኒና "ባልዲው!" ብላ ሮጠች። ባልዲውን አላነሳችውም።

ሰሌኑ ፊት ጭቃው ውስጥ በጉልበቷ ወደቀች።

"አትመልስልኝ" አለች። ነፋሱ ቃሏን ከአፏ እየነጠቀ ስለሚወስድባት መጮኽ ነበረባት። "መናገር እንደማትችል አውቃለሁ። ስማኝ ብቻ። ደብዳቤህን አቃጠልኩት። ወንድሜ ሾርባ በቀሰም ነው የሚጠጣው፣ ሰማኸኝ? በቀሰም! ለእኔ ሚስማር በሚመርጥልኝ እጅህ ነው ያንን ሞራሌ ያነሳኸው? እጅህ ይሰበር ብያለሁ። ብዬ ሳበቃ ደግሞ አምላኬ እንዳይሰማኝ ስለምን አድሬያለሁ። እጠላሃለሁ እላለሁ፤ አፌ ነው የሚለው እንጂ አልቻልኩም። አልቻልኩም ላፋኤሌ!"

የተንበረከከው ሰው አልተንቀሳቀሰም። ውሃው ከቀዩ ላባ ላይ እየተንጠባጠበ ጉልበቷን ያርሰዋል።

"አባትህስ!" ስትል ደሟ ፈላ። "መዝሙር ሲሆን ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ጨዋ! ስድቡን እሱ አምጥቶ ድንጋዩን አንተ ትበላለህ? አሁን የት ነው ያለው? ግንብ ቤቱ ውስጥ ተዘርፍጦ ትኩስ ካካዎውን ይጠጣል። ፈሪ! አባትህ ፈሪ ነው፣ ሂድና ንገረው። ሲያረጅ፣ አልጋ ላይ ሲወድቅ ማን እንደሚያጥበው ያውቃል? እነዚያ ሀብታም ሴቶች መስለውታል? እኔ ነኝ! ዝገት ያላት እኔ ነኝ ገላውን የማጥበው፣ የማጎርሰው። እየሰደበኝም አጥበዋለሁ። አንተን ስለምወድህ! ለእሱ ብዬ እንዳይመስልህ!"

ከሰሌኑ ስር ያለው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መሰላት። እጇ ሳታዘው ሄዶ እርጥቡን ሰሌን ነካ፤ ከስሩ የሰው ሙቀት አገኘች። ለአንዲት አፍታ ነፋስም ድንጋይም የለም፤ ያቺ ሙቀት ብቻ ነበረች።

"ገለል በይ!"

ቶማ ከጓሮ መጥቶ ከምድጃው ድንጋይ ትልቁን አንስቷል። ፔኒና ከመነሳቷ በፊት ወረወረው። ድንጋዩ ጭንቅላቱን ከፊት በኩል ሲመታው የተሰማውን ድምፅ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። የተንበረከከው ሰው ወደ ጎን ተንገዳገደ፤ አንድ እጁን ከሰሌኑ ስር አውጥቶ መሬቱን ተመረኮዘ፤ ከዚያ እጁን መልሶ አስገባና ቀጥ ብሎ ተንበረከከ። በሰሌኑ ላይ ቀይ ነገር ከላባው በላይ ሰፋ፣ ሰፋ።

ፔኒና ቶማ ላይ ተወረወረች። ፊቱን ቧጠጠችው፣ ክንዱን ነከሰችው። ደም አፏ ውስጥ ገባ፤ አልለቀቀችውም። ቶማ በክርኑ ደረቷን መትቶ ጭቃው ውስጥ ጣላት። ስትነሳ የአባቷ እጅ አንገቷን ይዞ ነበር።

"ለወንድምሽ ጠላት ትንበረከኪያለሽ?" ታፉና በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጮኸ። በዕድሜዋ መትቷት አያውቅም። "በእኔ ግቢ? በእኔ ዓይን ፊት?"

"ሊሞት ነው አባዬ! ጭንቅላቱን ነው የመታው!"

"ይሙታ!"

በክንዷ ጎትቶ ቤት አስገባትና በሩን ቀረቀረው። ማታሌና ልጇን አቅፋ ያበጠ ጉንጯን በሽርጧ ጫፍ ስትጠርግላት ፔኒና አላለቀሰችም። እንባ የሚወጣበት ቦታ ሁሉ በቁጣ ተደፍኖ ነበር።

ነፋሱ ሰዓቱን አላከበረም፤ ገና ብርሃን ሳለ መጣ። ቤቱ ከስሩ ተነቃነቀ። ጣራውን የያዙት ገመዶች ያፏጫሉ፣ ሚስማሮቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ይጮኻሉ። ፔኒና በኮምፖርሳቶው ስንጥቅ ዓይኗን ለጥፋ ታያለች። የዳቦ ዛፉ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ከሰሌኑ አጠገብ ወደቀ። ከዚያ የማድ ቤቱ ጣራ ሙሉውን ተነሳ። ቆርቆሮዎቹ ተለያይተው በግቢው ላይ በረሩ፤ አንዱ ከተንበረከከው ሰው ራስ በላይ አልፎ የጎረቤቱን የሙዝ ተክል ከወገቡ ቆረጠው።

ሰውየው አልሸሸም። ሰሌኑን ከውስጥ ጨምቆ ይዞ፣ ወደ መሬት ተደፍቶ ነፋሱን ቻለው።

"ይሮጣል ብዬ ነበር" አለ ታፉና ከኋላዋ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "በመጀመሪያው ነፋስ ይሮጣል፣ ከተማው ይስቅበታል ብዬ ነበር። ለምንድን ነው የማይሮጠው?"

ፔኒናን ከስንጥቁ ገፋ አድርጎ ራሱ አየ።

"ደጄ ላይ ሞቶ ነፍሰ ገዳይ ሊያሰኘኝ ነው?" ብሎ ጮኸና ገጀራውን ከግድግዳው አወረደ። "ፊቱን አይቼ ነው የማባርረው!"

በሩ ሲከፈት ነፋሱ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉንም ድስቱንም አነሳው። ፔኒና እየጮኸች ተከተለችው። ቶማና እናቷ ደጃፉ ላይ ደረሱ። ታፉና እያጎነበሰ፣ እየተንገዳገደ፣ ገጀራውን ከፍ አድርጎ ይሄዳል። ደረሰ። በግራ እጁ ሰሌኑን ጨምድዶ ያዘ።

"አባዬ! አትግደለው!"

ታፉና ሰሌኑን ገፈፈው።

ከስሩ ነጭ ፀጉር ወጣ።

ፔኒና ባለችበት ቀረች። የተንበረከከው ላፋኤሌ አልነበረም። ቁመቱ የልጁ ነው፣ ትከሻው የልጁ ነው፤ ፊቱ ግን የፓውሎ ነው። ያ ቀና ብሎ የሚሄደው፣ ሰላምታ በአገጩ የሚሰጠው ፓውሎ። ግማሽ ፊቱ ደም ነው፤ ግራ ዓይኑ ያለበት ቦታ አይታይም። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። ታፉናን በቀረችው ዓይኑ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ማጅራቱን ለገጀራው ሰጠ።

ታፉና ገጀራውን እንዳነሳ ደረቀ። ጠዋት ጣራ ላይ ሆኖ ድንጋይ ሲያስወረውር የዋለው በልጁ ላይ አልነበረም። ወጉን ጥሷል ያለው ሰው ከማንም በላይ ወጉን ጠብቆ ደጁ ላይ ውሏል። ሰሌኑ ደግሞ በእጁ ነው፤ ተገልጧል።

"መልሰህ አልብሰው አጎቴ!" ቶማ ከደጃፉ ጮኸ። "ልጁ መስሎህ ነው! ይቅር ልትል አይደለም የገለጥከው! አይቆጠርም!"

ታፉና ወደ ቤቱ ዞረ። ቶማን አላየም። የጓዳው መስኮት ላይ ሳንቃውን በትከሻው ገፍቶ የቆመውን ሴሚሲን ነው ያየው። አባትና ልጅ በዝናቡ ውስጥ ተያዩ። ሴሚሲ አፉ ታስሯል፤ መንጋጋውን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። ሁለቱን ቅንድቦቹን ወደ ላይ አነሳ። በዚህ አገር ያ እሺ ማለት ነው።

"ሰሌኑን የገለጠው ማን ነው?" አለ ታፉና። "ነፋሱ ነው?"

"አንተ ነህ፣ ግን..."

"እኔ ነኝ። አለቀ!" ገጀራውን ጭቃው ውስጥ ጣለው። ከዚያ ያ ጠዋት ፓውሎን "ሰውዬው" ሲል የነበረ አፍ፣ "ይነሱ" አለ። "ይነሱ ጌታዬ፤ ቆርቆሮው ሁለታችንንም ሳይቆርጠን ይግቡ።"

ፓውሎ ሊነሳ ሞከረ፤ ቀኑን ሙሉ የታጠፈ ጉልበት እምቢ አለው። ታፉና ወደብ ላይ ጆንያ እንደሚሸከመው ትከሻው ላይ ጫነው። በፔኒና አጠገብ ሲያልፉ የሽማግሌው አንድ ዓይን እሷ ላይ ዐረፈ፣ ቆየ። ያን ጊዜ ነው የተናገረችው ሁሉ የታወሳት። ፈሪ ያለችው። ገላውን አጥባለሁ ያለችው። በዚያ ነፋስ መሃል ፊቷ በእሳት ነደደ።

በሩ በመቀርቀሪያ ብቻ የሚቆም አልሆነም። ታፉናና ፓውሎ ጀርባቸውን ሰጥተውት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ነፋሱ በሩን ሲገፋው ሁለቱም እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ይገፋሉ። ማታሌና አጠገባቸው ተንበርክካ የፓውሎን ጭንቅላት በተቀደደ አንሶላ ጠመጠመች። ዓይኑን አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ባሏን ቀና ብላ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ቶማ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ እጆቹን ያያል።

"ልጅዎስ?" አለ ታፉና ብዙ ቆይቶ።

"ፖሊስ ጣቢያ።" የፓውሎ ድምፅ ተሰባብሯል። "ለማንም ሳይናገር ሄዶ እጁን የሰጠው በማግስቱ ነው። ዛሬ ሊለቁት ነበር። ከወጣ ቀድሞኝ መጥቶ ደጃችሁ ላይ እንደሚንበረከክ አውቃለሁ። ሳጅኑን እስከ ማታ ያዝልኝ ብዬ ለመንኩት። ሞራሌውን እሱ ነው ያነሳው፤ እሳቱን የለኮሰው ግን የእኔ አፍ ነው። ጉልበቱም የእኔ መሆን ነበረበት።"

ፔኒና ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "ጣቢያው እኮ ባሕሩ አፍ ላይ ነው!"

ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ ነፋስ ሲመጣ ባሕሩ በመጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው።

"ድንጋይ ቤት ነው ብዬ ነው" አለ ፓውሎ። "ከየትኛውም ቤት ይሻለዋል ብዬ ነው።" ከዚያ ያ ለማንም የማይጎነበስ ሰው ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

ፔኒና ወደ በሩ ሄደች። አባቷ ቀሚሷን ጨብጦ ያዛት፤ ታገለችው፣ መታችው። ቅድም በጥፊ የመታት እጅ አሁን የሚመታውን ሁሉ ዝም ብሎ ተቀበለ። "ካስፈለገ ንከሺኝ" አላት። "አልለቅሽም።" ጣራው አንዱ ጥግ ላይ ተነስቶ እየተመለሰ ሲንኳኳ፣ ዝናቡ ሲወርድባቸው፣ እሷ በሁለቱ አባቶች መካከል ተቀምጣ በሩን በጀርባዋ ገፋች። ነፋሱን በገፋች ቁጥር ላፋኤሌን ከባሕሩ እየጎተተች የምታወጣው ይመስላት ነበር።

ሲነጋ ነፋሱ ሄዷል። ከተማው ተገልብጧል። የዳቦ ዛፉ ከስሩ ተነቅሎ አጥሩ ላይ ተኝቷል፤ መንገዱ ላይ የሰው ጣራ፣ የሰው አልጋ፣ የሞቱ ዓሦች። ፔኒና በሩን ከፍታ ስትወጣ ከታች፣ በባሕሩ በኩል፣ አንድ ሰው በውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ሲሮጥ አየች። ሸሚዙ ተቀዷል። እግሩ ባዶ ነው።

በሩን ያዘች።

ላፋኤሌ ደረሰ። "ውሃው አንገታችን ሲደርስ ከፈቱልን" አለ እያለከለከ። "ቤት ሄድኩ፣ አባቴ የለም። ወደዚህ ነው የመጣው አሉኝ። ፔኒና፣ አባቴስ?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ከፊት ለፊቱ አየው፤ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ በደም የራሰ አንሶላ ጭንቅላቱ ላይ። ላፋኤሌ ገብቶ አጎነበሰ፤ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ የዓይኑን ቦታ አየ። ሲነሳ ሌላ ሰው ሆኗል።

"ማን ነው?"

ቶማ ከጥጉ ተነሳ። ክፉ እጅ ቢኖረውም ውሸታም አልነበረም። "እኔ ነኝ" አለ። "አንተ መስለኸኝ ነው።"

ላፋኤሌ ቶማን በአንገቱ ይዞ ደጅ አወጣው። ጭቃው ውስጥ ጣለውና ከፍርስራሹ መሃል ሚስማር የሞላበት ማገር አነሳ። ቶማ እጁን አላነሳም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሴሚሲ ከቤት ወጥቶ በሁለቱ መካከል ቆመ፤ መንጋጋው የታሰረ፣ ፊቱ ገና ያበጠ፣ ዝም ያለ። ላፋኤሌ እንጨት በእጁ፣ ሴሚሲ ከፊቱ፤ መደብሩ ውስጥ የሆነው ሁሉ እንደገና ሊሆን ተሰናድቶ ቆመ።

"ዞር በል ሴሚሲ!" አለ ላፋኤሌ እያለቀሰ። "ዞር በልልኝ!"

ፔኒና አልለመነችውም። ሄዳ ወንድሟ አጠገብ ቆመች።

"ምታ" አለችው። "መምታት ታውቅበት የለ? ስትጨርስ ግን ገብተህ አባትህን፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ የተንበረከከው ለምን እንደሆነ አስረዳው። እኔንም አስረዳኝ። ከዚያ ወዲያ ፊቴን አታይም።"

ማገሩ ከፍ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ከእጁ ወጥቶ ወደቀና ላፋኤሌ ሴሚሲ እግር ስር በጉልበቱ ተቀመጠ። ምንም ሰሌን አልነበረውም። ሴሚሲ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈበት።

ፔኒናም አጠገቡ ተንበረከከች፤ ግን ልታቅፈው አልነበረም። በሁለት እጇ ደረቱን ትደበድበው ጀመር። "ሞተሃል ብዬ!" ትላለች። "ውሃው ወስዶሃል ብዬ! እጅህ ይሰበር! እጠላሃለሁ፣ እጠላሃለሁ፣ አልቻልኩም እንጂ! ስንት ጊዜ ልንገርህ? ትናንት ሁሉን ነግሬሃለሁ፣ አንተ ነህ ብዬ፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ..."

"ምን አልሽኝ?" አላት ላፋኤሌ ጡጫዋን እየተቀበለ።

"አሁን አልደግመውም!"

"ድገሚለት ልጄ!" አለ ከቤት ውስጥ የተሰባበረ ድምፅ። "ጮክ በይ ደግሞ! ትናንት በነፋሱ ግማሹ አልተሰማኝም።"

ታፉና ወደ በሩ ሄዶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ።

"ምን ብላዎት ነው?"

"ፈሪ ብላኛለች" አለ ፓውሎ። "ሳረጅ ግን ታጥበኛለች።"

ፔኒና ፊቷን ላፋኤሌ እርጥብ ሸሚዝ ውስጥ ደበቀች። ከትናንት ጀምሮ ተደፍኖ የነበረው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ማቆም አልቻለችም፣ ማቆምም አልፈለገችም።